እግር ያርቃል፣ የሚመልሰው ጥገና ነው፦ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ ፔዳል ድራይቭ አጠቃቀምና እንክብካቤ

ገና ሲነጋ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ናችሁ እንበል። ነፋስ የለም፣ ውሃው ተኝቷል። እግራችሁ ፔዳሉን ይረግጣል፣ እጃችሁ የማጥመጃ ዘንጉን ይዟል፣ ካያኩ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ዓሣ ስትከተሉ 5 ኪሎ ሜትር ርቃችኋል፤ እግራችሁ ግን ገና አልደከመም።

ከዚያ "ጠቅ" የሚል ድምፅ። ፔዳሉ በባዶው ይዞራል፣ ካያኩ ግን ቆሟል። ነፋስ ተነስቷል፣ ውሃው ወደ ታች እየጎተተ ነው። መቅዘፊያውን ደግሞ "ቦታ ይይዛል" ብላችሁ መኪና ውስጥ ትታችሁታል።

ዛሬ የምናወራው ስለዚያች "ጠቅ" ነው። ከየት ትመጣለች? እንዴት ትከለከላለች? ከመጣችስ እንዴት ወደ ዳር ይደረሳል? በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖረው ብዙ ሐበሻ ፖቶማክ ጎረቤት ስለሆነ ምሳሌያችንን ከዚያ እንወስዳለን። ሐይቅ ላይም ሆነ ባሕር ላይ ለሚያጠምድ ግን ነገሩ ያው ነው።

ፔዳል ድራይቭ ምንድን ነው?

ተራ ካያክ በእጅ ይቀዘፋል። ሁለት እጅ መቅዘፊያ ከያዘ ዘንግ የሚይዝ እጅ የለም። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ እጁን ይፈልገዋል። ፔዳል ድራይቭ ይሄንን ችግር ይፈታል፦ በካያኩ መሃል ባለ ቀዳዳ ወደ ታች የሚገባ መሣሪያ ነው። ላይ ፔዳል አለው፣ ታች ደግሞ ውሃውን የሚገፋ ክንፍ ወይም ፕሮፔለር አለው።

የእግር ጡንቻ ከእጅ ጡንቻ ስለሚበረታ በእግር ረጅም ሰዓት መጓዝ ይቻላል። ነፋስ ሲገፋችሁም ቀስ እያላችሁ በመርገጥ አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ማጥመድ ትችላላችሁ።

ድራይቩ ብቻውን እንደየዓይነቱ ከ6 እስከ 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋጋው ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ባለ ፔዳል ካያክ ከ1 ሺህ ዶላር አካባቢ ጀምሮ ከ4 ሺህ በላይ ይደርሳል። ከዚህ ገንዘብ ቀላል የማይባለው ክፍል የሚከፈለው ለዚያች ድራይቭ ነው። ስለዚህ እሷን መንከባከብ ኪስንም ነፍስንም መጠበቅ ነው።

ሁለቱ ዓይነቶች

*ባለ ክንፍ።* እ.ኤ.አ. በ1997 የካሊፎርኒያው ሆቢ ኩባንያ ሚራዥድራይቭ የተባለውን አወጣ። ሁለት ተጣጣፊ ክንፎች ከካያኩ ሥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛሉ፤ ፔንግዊን ውሃ ውስጥ በክንፏ እንደምትዋኘው ዓይነት ነው። አረጋገጡ እንደ ሳይክል ክብ አይደለም፣ አንዱን እግር ገፋ፣ ሌላውን ገፋ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ጥልቀት ለሌለው ውሃ መመቸቱ ነው፦ አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ከገፋችሁት ክንፎቹ ከካያኩ ሆድ ጋር ይለጠፋሉ። የድሮዎቹ ወደ ኋላ አይሄዱም። አዳዲሶቹ ግን ገመድ ስትስቡ አቅጣጫቸውን ይቀይራሉ።

*ባለ ፕሮፔለር።* የኔቲቭ ዋተርክራፍት ፕሮፔል፣ የኦልድ ታውን ፒዲኤልና ሌሎችም እዚህ ይመደባሉ። እንደ ሳይክል ክብ ይረገጣሉ። ውስጣቸው ያለው ማርሽ የእግራችሁን ዙር ያበዛዋል፤ ለምሳሌ በኦልድ ታውኑ አንድ ዙር ስትረግጡ ፕሮፔለሩ ከ10 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ወደ ኋላ ከረገጣችሁ ካያኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ትልቅ ዓሣ ሥር ስር ውስጥ ሊገባባችሁ ሲል ይሄ በጣም አሪፍ ነገር ነው። ጉዳቱ ደግሞ ወደ ታች ረዘም ማለቱ ነው፤ ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ መሬቱን ሊመታ ይችላል።

የትኛው ይሻላል? ዝቅተኛ ውሃና ሣር ለሚበዛበት ባለ ክንፉ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በፍጥነት መቀያየር ለሚፈልግ ባለ ፕሮፔለሩ ይመቻል። "ምርጡ" የሚባል የለም፣ ለውሃችሁ የሚስማማው ግን አለ።

ከመግባታችሁ በፊት

1. *ወንበሩን አስተካክሉ።* እግራችሁ ሲዘረጋ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ቀጥ ብሎ ከተወጠረ ጉልበት ያማል፤ በጣም ከታጠፈ ደግሞ ኃይል ይባክናል። ፔዳሉ ቁጥር ያለው ከሆነ ግራና ቀኙን በአንድ ቁጥር ላይ አድርጉ።

2. *ድራይቩ መቆለፉን በእጅ አረጋግጡ።* ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ከተነቃነቀ አልተቆለፈም።

3. *ድራይቩን በገመድ ከካያኩ ጋር እሰሩት።* ካያኩ ተገልብጦ ድራይቩ ከወለቀ ወደ ታች ነው የሚሄደው። የአንዲት አጭር ገመድ ዋጋና የአንድ ድራይቭ ዋጋ አይወዳደርም።

4. *ጥልቀት እስክታገኙ ድራይቩን አታውርዱ።* ዳር ላይ በመቅዘፊያ ውጡ። ድራይቩ ወርዶ መሬት ላይ እያለ እናንተ ካያኩ ላይ ከተቀመጣችሁ የሰውነታችሁ ክብደት ሁሉ ክንፉ ወይም ዘንጉ ላይ ያርፋል። ብዙ ድራይቭ የሚታጠፈው ጥልቅ ውሃ ላይ ሳይሆን እዚህች ዳር ላይ ነው።

5. *መሪውን ሞክሩ።* ፔዳል ወደ ፊት ይገፋል እንጂ አያዞርም። የሚያዞረው ከኋላ ያለው መሪ ነው። እጀታውን ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱና መሪው መታዘዙን ዞራችሁ እዩ።

6. *መቅዘፊያ።* ይሄ ምርጫ አይደለም። ሁለት ቦታ የሚለያይ ከሆነ ቦታ አይይዝም። ካያኩ ጎን ላይ እሰሩት፣ በቃ።

ላይፍ ጃኬት፦ የሚለበስ እንጂ የሚጫን አይደለም

የአሜሪካ ሕግ ካያክ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት እንዲኖር ያስገድዳል። ብዙ ሰው ግን ወንበሩ ጀርባ ያስቀምጠዋል። "ሲያስፈልግ እለብሰዋለሁ" ይላል። እንዳትሸወዱ፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት እናንተና ካያኩ አንድ ቦታ ላይ አትገኙም።

የአሜሪካ ኮስት ጋርድ እ.ኤ.አ. በ2023 በመዝናኛ ጀልባ አደጋዎች 564 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶው የሰጠሙ ናቸው። ጃኬት መልበስ አለመልበሳቸው ከታወቀው የሰጠሙ ሰዎች ደግሞ 87 በመቶው አልለበሱም ነበር።

ሌላው ጉዳይ ቅዝቃዜው ነው። በማርችና በኤፕሪል መጀመሪያ ዲሲ ላይ ፀሐይዋ ሞቃት ልትሆን ትችላለች፤ ፖቶማክ ግን ብዙ ጊዜ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጎርደን ጊስብረክት "1-10-1" የሚባለውን ለማስታወስ ቀላል ሕግ አስተዋውቀዋል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትወድቁ ትንፋሻችሁን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ አላችሁ። እጅና እግራችሁ የሚታዘዛችሁ ወደ 10 ደቂቃ ነው። ራሳችሁን እስክትስቱ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። ጃኬት የለበሰ ሰው ነው ያችን 1 ሰዓት የሚያገኛት፤ ያለ ጃኬት እጅና እግር ሲደነዝዝ ሰውየው ይሰጥማል። ልብስ የምትመርጡት ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው።

ውሃ ላይ፦ ፔዳሉ እንዳያታልላችሁ

በእጅ የሚቀዝፍ ሰው ሲደክመው ይመለሳል። ፔዳል ግን ድካሙን ይደብቃል። በእግራችሁ የሄዳችሁበት ርቀት በእጃችሁ መመለስ ከምትችሉት ይበልጣል። ስለዚህ ሦስት ልማዶች ይኑሯችሁ።

*ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማችሁ ጀምሩ።* ስትሄዱ ይከብዳችኋል፣ ስትመለሱ ግን ይገፋችኋል። ከተቃራኒው ከጀመራችሁ ደክማችሁ እያለ ነው ከነፋስ ጋር የምትታገሉት።

*የውሃውን መሙላትና መጉደል እዩ።* ፖቶማክ ዲሲ ላይ ከውቅያኖስ ብዙ ቢርቅም የባሕሩ ከፍታና ዝቅታ ይደርሰዋል። በየ6 ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫው ይቀየራል፤ ከፍታው ወደ አንድ ሜትር በሚጠጋ ይለያያል። ሰዓቱን የሚያሳይ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ውሃው እየጎደለ ሳለ ወደ ታች መሄድ ቀላል ነው፣ መመለሱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከቼይን ብሪጅ በላይ ያለው የሊትል ፎልስና የግሬት ፎልስ አካባቢ ደግሞ ወራጁ ኃይለኛ፣ ድንጋዩም ብዙ ነው። የፔዳል ካያክ ቦታ አይደለም።

*በእጃችሁ አስቡ።* ራሳችሁን ጠይቁ፦ "አሁን ድራይቩ ቢሞት ከዚህ እቀዝፋለሁ ወይ?" መልሱ "አይ" ከሆነ ርቃችኋል ማለት ነው።

ስልካችሁን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጋችሁ ሰውነታችሁ ላይ እሰሩት። ካያኩ ላይ የታሰረ ስልክ ካያኩ ጋር ይሄዳል። ከመውጣታችሁ በፊት የት እንደምትገቡና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ቦታችሁን በስልክ ሼር ማድረግም ይቻላል። ፉጨት (ዊስል) ጃኬቱ ላይ ይንጠልጠል። ሳይነጋ ወይም ከመሸ በኋላ ከሆነ ነጭ መብራት ያዙ፤ ትልቁ ጀልባ ካላያችሁ ሊያልፋችሁ አይችልም።

ሣር፣ ክርና ድንጋይ

የድራይቭ ሦስቱ ጠላቶች እነዚህ ናቸው።

*ሣር።* ሃይድሪላ የሚባል መጤ የውሃ ሣር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፖቶማክ ውስጥ አለ። በበጋ ወራት ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ባስና ስኔክሄድ የሚባሉት ዓሦች እዚያ ይወዳሉ፣ ስለዚህ እናንተም መሄዳችሁ አይቀርም። ፔዳሉ ድንገት ከከበደ አታስገድዱት። ባለ ፕሮፔለር ከሆነ ወደ ኋላ ጥቂት ዙር ርገጡ፤ ብዙ ጊዜ ይፈታል። ባለ ክንፍ ከሆነ አጫጭርና ፈጣን ርግጫ ሣሩን ያራግፈዋል። ካልሆነ ድራይቩን አንሱትና በእጅ አጽዱት። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ግን እግራችሁን ከፔዳሉ ላይ አንሱ። ጣት ቀልድ አያውቅም።

*ክር።* የማጥመጃ ናይለን ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም አይታይም። ከፕሮፔለሩ ኋላ ገብቶ ውሃ እንዳይገባ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ይቆርጠዋል። ከዚያ ውሃ ወደ ማርሹ ይገባል። ዓሣው ከካያኩ ሥር ከሮጠ መርገጥ አቁሙ፤ ዘንጉን ወደ ፊት አሻግራችሁ ክሩን ከሥር አውጡት።

*ድንጋይና ግንድ።* ስትመቱ የሚሰበር ነገር መኖር አለበት። በአንዳንድ ድራይቮች ፕሮፔለሩን የምትይዝ ትንሽ ፒን አለች፤ ሆን ተብላ ደካማ ተደርጋ የተሠራች ናት። እሷ ተሰብራ ማርሹን ታድናለች። ያቺ መግቢያችን ላይ ያለችው "ጠቅ" ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ስለዚህ ትርፍ ፒን ሁሌም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። በጠንካራ ሚስማር ልተካት እንዳትሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰበረው ማርሹ ይሆናል።

ከተገለበጣችሁ

ፔዳል ካያክ ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ አይገለበጥም። ሲገለበጥ ግን ድራይቩ ወደ ላይ ይቆማል፤ ክንፉም ሆነ ፕሮፔለሩ ሊቆርጣችሁ ይችላል። በጎን በኩል ተሻግራችሁ የወዲያኛውን ጠርዝ ወይም እጀታ ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ከቀና በኋላ በደረታችሁ ላዩ ላይ ተኙ፣ እግራችሁን እየመታችሁ ግቡ፣ ከዚያ ዙሩና ተቀመጡ። ለመቆም አትቸኩሉ።

ይሄ ሲነበብ ቀላል ነው፣ ሲሠራ ግን አይደለም። ሞቃት ቀን ላይ፣ ዳር አካባቢ፣ ጓደኛ ባለበት ሆን ብላችሁ ገልብጡትና ተለማመዱ። መጀመሪያ የምትሞክሩት ቀን ያስፈለጋችሁ ቀን መሆን የለበትም።

ከውሃ ስትወጡ፦ ወሳኟ 10 ደቂቃ

የጣና ሐይቅ ታንኳ ቀዛፊዎች ይሄንን ያውቁታል። የደንገል ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ሥራ ሲያበቃ ከውሃ አውጥተው ያደርቁታል። ውሃው ላይ የተተወ ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ፔዳል ድራይቭ ከብረትና ከፕላስቲክ ቢሠራም ሕጉ ያው ነው፦ ዕድሜው የሚወሰነው ከውሃ ከወጣ በኋላ ነው።

1. ድራይቩን ከካያኩ አውጡት። ካያኩን ድራይቩ ገብቶበት መኪና ላይ አትጫኑ፤ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ማስገቢያውን ይጎዳል።
2. በንጹህ ውሃ እጠቡት። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወይም ውቅያኖስ ውሃ ከነካው ይሄ ግዴታ ነው። ጨው ሲደርቅ እንደ አሸዋ ሆኖ ኩሽኔታውን ይፈጫል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። ወንዝ ውስጥ ከነበረ ደግሞ ጭቃና አሸዋ አለ።
3. እያጠባችሁ ፔዳሉን አዙሩ። ውሃው በየቦታው ይግባ። በኃይለኛ ግፊት የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ግን አትጠቀሙ፤ ጨውን ከማውጣት ይልቅ ውሃን ከጎማ ቀለበቱ አልፎ ወደ ውስጥ ያስገባል።
4. ሣርና ክር ፈልጉ። በተለይ ፕሮፔለሩ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ።
5. የካያኩን የድራይቭ ማስገቢያ ቀዳዳም እጠቡ። እዚያ የቀረች አሸዋ በሚቀጥለው ቀን ድራይቩን ትፍቀዋለች።
6. ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ፕላስቲኩንና ጎማውን ያደርቃል።
7. ክንፍ ካለው በክንፉ ላይ አስደግፋችሁ አታስቀምጡት። ይጣመማል።

ይሄ ሁሉ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ዓሣውን ከማጽዳታችሁ በፊት ድራይቩን አጽዱ።

በየወሩና በየዓመቱ

*በየወሩ (አዘውትራችሁ የምትወጡ ከሆነ)፦*

- ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን በሙሉ ፈትሹ። ጠበቅ አድርጉ እንጂ አታስጨንቁ፤ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ብሎን ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላል።
- የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ። ልቅ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ማሰሪያው አልቋል።
- ባለ ክንፉ ላይ ካቴናውንና ኬብሉን እዩ። የኬብል ክሮች መበጣጠስ ከጀመሩ ሳይበጠስ ቀይሩት።
- የክንፉን ውጥረት እዩ። ላላ ሲል ለእግር ይቀላል ግን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጠበቅ ሲል ይከብዳል ግን ይገፋል። ሁለቱ ክንፎች እኩል ይሁኑ።
- የመሪውን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ።

*በየዓመቱ፦*

- የብዙዎቹ ባለ ፕሮፔለር ድራይቮች የታችኛው የማርሽ ቤት በግራሶ ወይም በዘይት የተሞላ ነው። ከፍታችሁ ቀለሙን እዩ። እንደ ወተት ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል፤ የጎማ ቀለበቱ መቀየር አለበት። ግራሶ ብቻ መጨመር በሽታውን መሸፈን ነው።
- የምትጠቀሙት ግራሶ ለባሕር ዕቃ የተሠራና ውሃ የማያጥበው ይሁን። የትኛው እንደሚስማማና የት የት እንደሚቀባ የሞዴላችሁ መመሪያ ይነግራችኋል፤ ፒዲኤፉን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።
- ውጭ ላይ ያለ ካቴና ላይ ወፍራም ግራሶ አትለጥፉ። አሸዋ ይሰበስባል፣ ከአሸዋ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ እንደ ሞረድ ይሆናል።
- ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በደንብ አድርቁ። ውስጥ የቀረ ውሃ ሲቀዘቅዝና በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ቤቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ድራይቩ ሲናገር ስሙት

- *ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ በየዙሩ፦* የላላ የፔዳል ክንድ ወይም ያለቀ ኩሽኔታ።
- *የመፍጨት ድምፅ፦* ውስጥ አሸዋ አለ ወይም ግራሶ የለም። አቁሙና ፈትሹ።
- *ንዝረት፦* የተጣመመ ዘንግ ወይም ጫፉ የተሸረፈ ፕሮፔለር፤ አንዳንዴ አንድ ጎን ላይ የተጠመጠመ ሣር።
- *ድንገት መክበድ፦* ሣር ወይም ክር።
- *ድንገት መቅለል፦* ፒኗ ተሰብራለች ወይም ኬብሉ ተበጥሷል።
- *ካያኩ ወደ አንድ ጎን መሳብ፦* መጀመሪያ መሪውን፣ ከዚያ የክንፎቹን ውጥረት እዩ።

ድምፅ ሰምታችሁ "እስከ ዛሬ ሠርቷል፣ ዛሬም ይሠራል" አትበሉ። ድራይቭ ሳያስጠነቅቅ የሚሞተው ብዙ ጊዜ አይደለም፤ የማንሰማው እኛ ነን።

ያገለገለ ስትገዙ

ስልክ ላይ ስትቃኙ "ሁለቴ ብቻ ውሃ የነካ" የሚል ማስታወቂያ ይበዛል። ምናልባት እውነት ነው። ግን እዩ፦

- ድራይቩን በእጃችሁ አዙሩ። ለስላሳ ነው ወይስ ይንቋቋል?
- ፕሮፔለሩን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ። ልቅነት አለ?
- ብሎኖቹ ራስ ላይ ዝገት ካለ ጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ ሳይታጠብ ቀርቷል ማለት ነው።
- ባለ ክንፍ ከሆነ ከፊት ለፊት ተመልከቱ፤ የክንፎቹ ዘንግ ቀጥ ብሏል?
- የካያኩን ድራይቭ ማስገቢያ ዙሪያ በስልካችሁ መብራት እዩ። ስንጥቅ ካለ ጥሩ ዋጋ የሚባል ነገር የለም።
- ውሃ ላይ ግማሽ ሰዓት ሞክሩ፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡ ውሃ መግባቱን እዩ።
- ደረሰኝ ወይም የሴሪያል ቁጥር ጠይቁ። የተሰረቀ ካያክ በርካሽ ይሸጣል።
- ለዚያ ሞዴል መለዋወጫ አሁንም መሸጡን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። መለዋወጫ የሌለው ድራይቭ ከብረት ክብደት ሌላ ምንም አይደለም።

ውሃ ላይ ከሞተስ?

ወደ መጀመሪያው ትዕይንት እንመለስ። "ጠቅ" አለ። አሁን ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛ፣ አትደንግጡ፤ ካያኩ አሁንም ይንሳፈፋል። ሁለተኛ፣ ድራይቩን አንሱት። ወርዶ ከቀረ ውሃውን ይይዛል፣ ቀዘፋውን ያከብደዋል። ሦስተኛ፣ መልህቅ ካላችሁና ቦታው የጀልባ መተላለፊያ ካልሆነ፣ ወራጁም ኃይለኛ ካልሆነ መልህቁን ጣሉ፤ እየጠገናችሁ እንዳትወሰዱ። አራተኛ፣ ትርፍ ፒን፣ ትንሽ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያና ቢላዋ ያለበትን ከረጢት አውጡ። በ5 ደቂቃ ካልተስተካከለ ተዉት።

ከዚያ መቅዘፊያውን ያዙ። በቀጥታ ወደተነሳችሁበት ቦታ ሳይሆን ወደ ቅርቡ ዳር ቅዘፉ። መኪናችሁ እዚያ ባይሆን ምን ችግር አለው? በእግር ይኬዳል። ወራጁ ወይም ነፋሱ ካሸነፋችሁ፣ ወይም ብርድ ከጀመራችሁ፣ ሳይመሽና ሳትደክሙ 911 ደውሉ። ጉልበት ካለቀ በኋላ የሚደወል ስልክ ዘግይቷል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያዳናችሁ ውድ ዕቃ የለም። መቅዘፊያ፣ ጃኬት፣ አንዲት ፒንና ባለፈው ጉዞ ማብቂያ ላይ ያጠፋችኋት 10 ደቂቃ ናቸው።

ፔዳል ካያክ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ይሄንን ላኩለት። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ደውሉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ "መቅዘፊያህን ይዘሃል?"